ከወንበሩ ሥር ያለችው ሣጥን

ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ያን ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ክፍሌ ሲመጣ አላለቀሰም፤ ሳልም እንኳ አልነበረውም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ትከሻውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ዝም ብሎ ያየኛል። ሰዓቱን ሳይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ኢንሄለሩን አንሥቼ ስጫነው ባዶ ድምፅ አወጣ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሁለቱ ልጆችና አብራን የምትኖረው ሠራተኛችን ነን። ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ፒካፑ ውስጥ አስገባሁትና ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

ደግሜ አዞርኩ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ደብዘዝ፣ ደብዘዝ ብለው ጠፉ። በኋላ እንደተረዳሁት ልጆቹ ከሁለት ቀን በፊት ጋቢናው ውስጥ ታክሲ ታክሲ ሲጫወቱ የውስጡን መብራት አብርተው ትተውታል። ረዳቱ ታላቋ፣ ሹፌሩ ደግሞ አሁን ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ነበር።

ግቢያችን ወደ በሩ ሽቅብ ነው። ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ሁለት ሴቶች ሽቅብ አይገፉትም። ሠራተኛችን ሮጣ የጎረቤታችንን በር ደበደበች። ጎረቤታችን በፒጃማው ወጣ፤ እግዜር ይስጠው፣ አንድም ቃል ሳይጠይቅ ቪትዙን አምጥቶ አስጠጋ፤ ከኋላ ገመድ አወጣ፤ አሰርን። ቁልፉን አዞርኩ፤ አላነሣም። ጥቂት እንጠብቅ ተባባልን። እንደገና፤ አላነሣም። ገመዱ ቀጭን ነበር። ስነካው ሞቋል፤ የጎማ ሽታም ጀምሮታል። እዚህ ላይ ልጄ በመስኮቱ በኩል “እማ፣ አንሄድም?” አለ፤ ሁለቱን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ማውጣት አቅቶት።

ጎረቤታችን ግንባሩን በእጁ መታ። “ምን ነካን? ለምን በኔ አንሄድም?”

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የሞተ መኪና ስናስታምም፣ የሚሠራ መኪና አፍንጫችን ሥር ቆሞ ነበር። ሐኪም ቤት ደረስን፤ ልጁ በጭስ መልክ የሚሰጠውን መድኃኒትና ኦክስጅን አገኘ፤ ሲነጋ ዳቦ ጠየቀ። ተረኛዋ ሐኪም “መቼ ነው የጀመረው?” ስትለኝ ሰዓቱን ነገርኳት፤ በመኻል ምን ስናደርግ እንደቆየን ግን አልነገርኳትም። አፍሬ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ባትሪና ስለ ማስነሻ የምላችሁን ሁሉ ከመስማታችሁ በፊት ይህችን ያዙልኝ፦ የታመመ ሰው ካለ መጀመሪያ ሰውየውን አድርሱ። ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ታክሲ ጥሩ፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። መኪናው ነገም ይነሣል።

በማግስቱ መኪናችንን ያስነሣልን የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን እንዳይ ጠራኝ። ብዙ ሴቶች እንደሚያውቁት፣ እኛ ሴቶች መኪና ይዘን ስንሄድ የሚያስረዳን ብዙ አይገኝም፤ ይኼ ልጅ ግን ማስረዳት ይወዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ከ12 ከወረደማ የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ጥፋተኛው ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ነው። የኔ ባትሪ ተሞልቶም ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ወደ 8 ቮልት ይወርድ ነበር። “አርጅቷል እናቴ፣ የልጆቹ ጥፋት ብቻ አይደለም” አለኝ።

ለምን የጎረቤቴ ቪትዝ ሊያስነሣው እንዳልቻለም ነገረኝ። የናፍጣ ሞተር ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ አይደለም፤ አየሩን በኃይል ጨምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ያን ጭመቃ አሸንፎ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ከቤንዚን መኪና ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። በዚያ ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ነበር፤ ብርድ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፣ ባትሪውንም ያደክማል። ያን ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ባትሪ በቀጭን ገመድ መጠበቅ፣ እሱ እንዳለው፣ በማንኪያ በርሜል እንደ መሙላት ነው።

አዲስ ባትሪ ገዛን። ነገር ግን አዲስም ባትሪ ቢሆን ልጅ መብራት አብርቶ ከተወው ያልቃል። ባለቤቴ ሲመለስ “የራሳችን ማስነሻ ያስፈልገናል” አልኩት። ያኔ ነው የመኪና ፓወር ባንክ ወይም ጃምፕ ስታርተር ስለሚባለው ነገር መጠየቅ የጀመርነው።

የመጀመሪያውን የገዛነው ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ ነው፤ በችኮላ። ሣጥኑ ላይ 30,000 ሚሊአምፔር፣ 3,000 አምፔር ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። እጄ ላይ ሳደርገው ቅልል አለኝ፤ “ቴክኖሎጂ ነው” አለኝ ባለሱቁ። ባለቤቴ ግን ነገር ሳይፈትን አያምንም፤ አንድ እሑድ ሆን ብሎ የፒካፑን የፊት መብራት አብርቶ እስኪደክም ድረስ ተወው። ከዚያ አዲሱን ማስነሻ አሰረና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተ። ሣጥኑም ፀጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ነቅቶም አያውቅ። ልንመልሰው ስንሄድ ባለሱቁ “ለቪትዝ ነው እንጂ ለፒካፕ መቼ አልኩ?” አለን። እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅነውም። ኤሌክትሪሺያናችን ሲከፍተው ውስጡ አብዛኛው አየር ነበር።

ገንዘባችን ከሄደ በኋላ ቁጥሮቹን ማንበብ ተማርን። ሚሊአምፔር የሚባለው የሚቆጠረው በውስጡ ባለው የ3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ነው እንጂ በመኪናው 12 ቮልት አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛውን ጉልበት የሚናገረው ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊአምፔር የሚለውን 20 በ3.7 ስታባዙት 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያን ያህል የሚይዝ ሊቲየም ብቻውን ግማሽ ኪሎ ግድም ስለሚመዝን፣ እንደ ላባ የሚቀል ሣጥን ትልቅ ቁጥር ከተጻፈበት ተጠራጠሩ። በትልቁ የሚጻፈው አምፔር ደግሞ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ የሚሰጠው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ሞተሪኖ የሚዞረው ለዓይን ጥቅሻ አይደለም። መፈለግ ያለባችሁ በትንሹ የሚጻፈውን፣ ለሴኮንዶች ሳይቋረጥ የሚሰጠውን የማስነሻ አምፔር ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን በሣጥኑ ጀርባ ያለው መስመር ነው፤ ቤንዚን እስከዚህ ሊትር፣ ናፍጣ እስከዚያ ሊትር የሚለው። የናፍጣው ሁልጊዜ ያንሳል። ብዙ ሻጮች የሚነግሯችሁ የቤንዚኑን ነው። የኛ ሞተር 2.5 ሊትር ናፍጣ ስለሆነ እስከ 4 ሊትር ናፍጣ ያስነሣል የተባለውን ፈለግን፤ ልክ በልኩ መግዛት ለብርድ ቀን አይሆንም። ገመዱ ወፍራምና አጭር፣ መቆንጠጫው ጥርሱ ጠንካራ ይሁን። ፕላስና ማይነስ ሲገለበጥ የሚጮኽና ኃይል የማይለቅ መሆኑን አረጋግጡ። የዚህን የመጨረሻውን ጥቅም ያኔ ያወቅሁት አልመሰለኝም፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘመድ የጭነት መኪና ላለው፦ ብዙዎቹ አይሱዙ ኤን ፒ አር ዓይነት የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው። ለፒካፕ የተሠራው 12 ቮልት ማስነሻ ለነሱ አይደለም፤ አይሞከርምም።

ሁለተኛዋን ሣጥን ያመጣችልን አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው እህቴ ናት፤ ለፋሲካ ስትመጣ። ከልጆቹ ጫማ ጋር ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላ ካስረከበች በኋላ ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ይዘውት ነው የሚገቡት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የኛዋ 74 ስለሆነች ችግር አልነበረባትም፤ እህቴ ግን ሻንጣዋን ሰው ፊት መክፈቷን እስካሁን አልረሳችልኝም። ከውጭ የምታስመጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሣጥኗ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ወደ አዋሽና ወደ ሞቃት ቦታ ስንወርድ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አንተዋትም፤ ይዘናት እንወርዳለን። ካበጠች ደግሞ ዕድሜዋ አልቋል፤ አትሞላም፣ አትወጋም።

ከገዛን ወዲህ በብዛት የተበደረን ያው የቪትዙ ጎረቤታችን ነው፤ አሁን ግን የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሆኗል። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ድምፅ በሌላቸው መኪናዎች ተሞልቷል። አንድ ጠዋት መጥቶ “ሳቂብኝ፣ ግን መኪናዬ በሩም አልከፈት አለኝ” አለኝ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው። ለካ በሩን፣ ኮምፒዩተሩንና መብራቱን የሚያነቃው እንደኛው ያለ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ኖሯል፤ ያለቀው እሱ ነው። መመሪያውን አገላብጦ የማሰሪያውን ቦታ አገኘ፤ በሣጥናችን ነቃለት። ያቺን ሌሊት ያስታወሰ የለም፤ ሁለታችንም ግን አስታውሰናታል።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

አባቴ 31 ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ሌላ አባት ልጁን ፊደል እንደሚያስቆጥር እኔን ያስቆጠረኝ አንድ ሕግ ነው፦ መኪና ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርገሽ አቁሚ። ባትሪ ቢሞት ማርሽ አስገብተሽ፣ ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣ ለቀቅ ማድረግ ነው። ሣጥኗን መጀመሪያ ያየ ዕለት በሁለት ጣቱ አንሥቶ “ይቺ የስልክ ባትሪ ናት መኪና የምታስነሣው?” ብሎ ለልጄ መጫወቻ ሰጠው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ታላቅ እህቱ በቆጂ አረፉ። ይዤው ሄድኩ፤ በአዳማ፣ በአሰላ አድርገን። በቆጂን የምታውቋት በነደራርቱ፣ በነቀነኒሳና በነጥሩነሽ ይሆናል፤ እኔ ግን የማውቃት በብርዷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ በኅዳር ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ምሽት መብራት ጠፋ። ድንኳኑ ሙሉ ለቀስተኛ፣ ወጥ ቤቱ ሙሉ ሴት። “መኪናሽን አዙሪና አብሪልን” አሉኝ፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ሞተሩን ባስነሣው ጭሱ ድንኳኑ ውስጥ ስለሚገባ አጥፍቼ የፊት መብራቱን ብቻ አበራሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ በራ። በዚያ ላይ የሩቅ ዘመድ ሁሉ ስልኩን ጋቢናው ውስጥ ሰክቷል።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ልንነሣ ቁልፉን አዞርኩ፤ ያው ጠቅ ጠቅ። ግቢው ሜዳ ነው። አባባ ደጅ ቆሞ መሬቱን በዓይኑ ለካ፤ ቁልቁለት የለም። “ልጆቹን ልቀስቅስና ይግፉት” አለና ወደ ድንኳኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ወጣቶቹ ሙሉ ሌሊት ሲያስተናግዱ ቆይተው ፍራሹ ላይ በየአቅጣጫው ወድቀዋል። ተመለሰ። “አይሆንም” አለ።

ሣጥኗን ከወንበሩ ሥር አወጣሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ሬዲዮውን፣ መብራቱን፣ የተሰካውን ስልክ ሁሉ ነቀልኩ። አባባ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና እጁን ዘረጋ። “ስጪኝ፣ ይኼ የኔ ሥራ ነው።”

ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ አንዱን መቆንጠጫ ነከሰ፣ ሌላውን ነከሰ፤ እጁ ለዓመታት የለመደው ሥራ ስለሆነ አልተንቀጠቀጠም። ሣጥኗ ጮኸች። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

“ምን ሆነች?” አለ።

“አባባ፣ ተገላብጧል።”

መልሶ ጎንበስ አለ። ፊቱን ባትሪው ላይ ሊያስነካ እስኪቃረብ ድረስ ጠጋ። “ጨለማ ነው” አለ። የስልኬን መብራት አበራሁለት። በብርሃኑ ውስጥ ሁለቱን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸው፤ ቀዩንና ጥቁሩን። ከዚያ ሁለቱንም ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠ።

“አንቺው እሠሪው።”

31 ዓመት ባትሪ ያሰረ ሰው ነው። ያለ ጥበቃ በሚሠራ ተራ ገመድ ቢሆን ኖሮ ብልጭታው ፊቱ ላይ ነበር የሚፈነዳው፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በብልጭታ የሚቀጣጠል ነው፤ ለዚህም ነው ባትሪ አጠገብ ሲጋራ የማይለኮሰው። እኔ ግን ያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ጋዙ አልነበረም። አባባ አሮጌዋን ኮሮላውን አሁንም ይነዳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ወር በገባ ዕድር፣ አንዳንዴም ልጄን ከትምህርት ቤት።

ቀዩን ፕላሱ ላይ አሰርኩ፤ ጥቁሩን መመሪያው እንደሚለው ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ። አረንጓዴ መብራት በራ። ገብቼ ቁልፉን ግማሽ አዞርኩና ጥምዝምዝ ሽቦ የምትመስለው ብጫ ምልክት እስክትጠፋ ጠበቅሁ፤ ናፍጣ በብርድ ያለዚህ አይነሣም። አዞርኩ፤ አራት ሴኮንድ ያህል አቃሰተ፤ ተውኩት። ደጋግሞ መሞከር ሣጥኗንም ሞተሪኖውንም ያቃጥላል፤ ግማሽ ደቂቃ አሳረፍኳት። ሁለተኛው ላይ ተነሣ። ወርጄ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን ነቀልኩ፤ ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለያይቼ። ድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልነቃም።

ባትሪው በመንገድ ላይ ይሞላል ብዬ እስከ አሰላ ሞተሩን አላጠፋሁም። አባባም እስከ አሰላ አልተናገረም። ኢተያን ስናልፍ ነው “ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ” ያለው። የሚመጣ መኪና መብራት በሌሊት እንደ ፀጉር እየተበተነ እንደሚታየው፣ በቀን ነገሩ ሁሉ ጭጋግ እንደለበሰ፣ ቀይ መብራትን ከቀለሙ ሳይሆን ከላይ በመሆኑ እንደሚለየው ነገረኝ። “ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። መስኮቱን አየ። “ቁልፉን ትቀበሉኛላችሁ ብዬ ነዋ።”

ቁልፉን አልተቀበልነውም፤ ራሱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው አለን፤ በሁለቱም ዓይን። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ አንድ ቀን ሣጥኗን አምጪልኝ አለና ቀዩ መቆንጠጫ እጀታ ላይ የጫማ ክር ቋጠረበት፤ በጨለማም በጣት እንዲታወቅ። ቀኝ ዓይኑ በተሠራ በሳምንቱ ቤታችን መጥቶ እንደገና አስመጣት። ቀዩን ከመስኮቱ ብርሃን አጠገብ ያዘና ለረጅም ጊዜ አየው። “እንዲህ ያለ ቀይ ነበር እንዴ?” አለ። ክሩን ልፍታው ስለው ግን አልፈቀደም።

መመሪያው ሣጥኗ በየሦስት ወሩ ብትሞላ ይበቃታል ይላል። ነግሬዋለሁ፤ አይሰማኝም። ወር በገባ በልደታ፣ ጠዋት ገና ቡና ሳይፈላ ይደውላል፤ ደኅና አደራችሁ ካለ በኋላ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው፦

“ሣጥኗን ሞላሻት?”